የጎረሰ ምንሽር

በ13ኛው መቶ ዘመን ከአለት ከተፈለፈለችው ገነተ ማርያም አጠገብ ካለው ሰፈር ቁልቁል ስንወርድ፣ ምንሽር ያነገቱ አንድ አባት አብረውን ነበሩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው መዝጊያውን ከፈቱና የጎረሰውን ጥይት አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። አፈሙዙንም ከእኛ አዞሩ።

“አባባ፣ ጅብ ቢመጣስ?” ብለን ሳቅን።

“ከጅቡ ድንጋዩ ይቀርባል” አሉን።

ብዙም ሳንሄድ ጠጠሩ አንሸራተታቸው። ሰደፉ ከአለት ጋር ተላተመ፤ የብረት ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሳቃችን ጠፋ።

የምንወርደው ከተቀየምነው ወንድም ጋር ልንነጋገር ነበር። ያዕቆብ ስለ ምላስ የጻፈውን እያወቅን፣ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ስናጎርስ አድረናል። ወንዙ ዳር ተቀምጠን ጸለይን፤ ያዘጋጀነውንም አንድ በአንድ በጌታ ፊት አወጣን። በሩ ሲከፈት “ይቅር በለን” ከማለት በቀር የቀረን ቃል አልነበረም። እርሱ ዝም አለ። ግን ግቡ አለን።