ስማቸው የጠፋ ወታደሮች

ጥንታዊ ዕቃ መሰብሰብ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ነቀፋው ቴምብርና የቀድሞ ሳንቲም ለሚሰበስበው ይስማማው እንደ ሆነ አናውቅም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (በአውሮፓ አቆጣጠር 1861–1865) የዘመቱትን ወታደሮች ፎቶግራፍ የሚሰበስበው ግን በእጁ የያዘው የሰው ፊት ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከጨዋታ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ በወረቀት የታተሙ አይደሉም። ከ1839 ጀምሮ በብር በተለበጠ መዳብ ላይ የሚነሣው ዳጌሮታይፕ ነበረ፤ ቀጥሎ በመስተዋት ላይ የሚነሣው አምብሮታይፕ፥ ከዚያም ጥቁር ቀለም በተቀባ ስስ ብረት ላይ የሚነሣው ቲንታይፕ መጣ። የወታደሩ ኪስ የቻላቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዳዊታችን በማኅደሩ እንደሚቀመጥ፥ ሥዕሉም በናስ ክፈፍና በመስተዋት ተሸፍኖ፥ ውስጡ ከፈይ በለበሰ ትንሽ ማኅደር ይቀመጣል። የተለመደው መጠን 7 በ8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ነጌቲቭ ስለሌለው እያንዳንዱ ሥዕል አንድና ብቸኛ ነው።

ለሚያስተውል ሰው ብዙ ነገር ይታይበታል። ወታደሩ ራሱን እንዳያነቃንቅ ከኋላው የደገፈው ብረት፥ እግሩ ከጫማው አጠገብ ብቅ ይላል። በመስተዋት እንደሚታይ ሁሉ ግራው ቀኝ ስለሚሆን፥ በቀበቶው ላይ ያሉት ፊደላት ተገልብጠው ይታያሉ፤ ይህን ያወቀ አንዳንድ ወታደር መሣሪያውን ሆን ብሎ በተቃራኒው ጎን ታጥቋል። ባለሙያው በብሩሽ ጉንጩን ሮዝ፥ ቁልፎቹን ወርቅ ይቀባለታል። ጢም ያላበቀለ ልጅ ሽጉጥና ጩቤ ደርድሮ ስናይ ፈገግ ማለታችን አይቀርም፤ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ የፎቶግራፍ አንሺው ነበርና።

የሚያሳዝነው የስማቸው ነገር ነው። በ2010 ቶም ሊልጀንኲስት የተባሉ ሰብሳቢ ከልጆቻቸው ጋር ወደ 700 የሚጠጉ ሥዕሎች ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲሰጡ፥ አብዛኞቹ «ያልታወቀ ወታደር» ተብለው ተመዘገቡ። ከነዚህ አንዱ ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር የተነሣ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ነው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ካፖርትና ባርኔጣ ለብሰዋል።

ስሙ የጠፋው በንቀት አይደለም። እናት በልጇ ሥዕል ላይ የልጇን ስም የምትጽፍበት ምን ምክንያት አላት? እርሷ ታውቀዋለች፤ የማያውቁት የልጅ ልጆቿ ናቸው። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን አያጣውም፤ ጸሐፊው ነገሩን በቃሉ ስለሚያውቅ ሽፋኑ ላይ አይጽፍም፥ እርሱ ሲዛወር ፋይሉ ዲዳ ይሆናል።

በ1863 በጌቲስበርግ ጦር ሜዳ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። አንድ የሰሜን ጦር ወታደር የሦስት ሕፃናት አምብሮታይፕ በእጁ እንደ ያዘ ሞቶ ተገኘ፤ ማን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ምንም አልነበረውም። የዚያ ዘመን ጋዜጣ ፎቶግራፍ ማተም ስለማይችል የልጆቹን መልክና ልብስ በቃል ገልጾ አወጣ፤ አንዱ ጋዜጣ ከሌላው እየቀዳ ወሬው ተዛመተ። በኒውዮርክ ግዛት የምትኖር አንዲት ሴት ይህን ሰምታ የሥዕሉ ግልባጭ ሲደርሳት፥ ለባልዋ የላከችው እርሱው ሆኖ አገኘችው። ሟቹ የአሥር አለቃ ማዕረጉን ያለፈው ሳጅን ኤሞስ ሂዩሚስተን ነበር።

እንግዲህ ስም ያለው ሥዕል ከሌለው ይልቅ በውድ ስለሚሸጥ፥ የሐሰት ስም ጽፎ በማኅደሩ የሚሸጉጥ ነጋዴ አይታጣም። እውነተኛው ስም አንዳንድ ጊዜ ከሥዕሉ ጀርባ በብጣሽ ወረቀት ስለሚገኝ፥ ሥዕሉን ከማኅደሩ ለይቶ የሚሸጠውም ምስክር አጥፊ ነው። ከ2018 ወዲህ ፊትን በኮምፒዩተር የሚያመሳስል ድረ ገጽ ተከፍቷል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ፊት ብዙ ነውና፥ የክፍለ ጦሩ ምልክትና የተነሣበት ቦታ ካልደገፈው በስተቀር እኛስ «ያልታወቀ» የሚለውን እንመርጣለን።

በዚያው ስብስብ የሐዘን ልብስ የለበሰች ትንሽ ልጅ አለች። የፈረሰኛ አባቷን ሥዕል በእጇ ይዛ ወደ እኛ ትመለከታለች። እርሷም የተመዘገበችው «ያልታወቀች ልጅ» ተብላ ነው።