የልብስ ሰፊው ልጅ

መርካቶ ውስጥ ልብስ ስሰፋ 22 ዓመት ሆኖኛል። ሱቄን የመጨረሻው ልጄ እንዲረከበኝ እመኝ ነበር። እሱ ግን 16 ዓመት ከሞላው ወዲህ ወደ ሱቁ ዝር ማለት ተወ። ለጓደኞቹ «አባቴ ነጋዴ ነው» እንደሚላቸው ስሰማ አንጀቴ አረረ። ለሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

አንድ ማታ ከስልኩ ላይ የዓለም ቢሊየነሮችን ዝርዝር ለእህቱ ያነብላታል። «ፎርብስ ነው ያወጣው» አላት። «ፎርብስ የሰው ስም ነው ወይስ የድርጅት?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ሁለቱም አላወቁም። እህትየው ፈልጋ አነበበችልን።

ለካ ሰውየው የስኮትላንድ ገጠር ልጅ ኖሯል። በርቲ ቻርልስ ፎርብስ እ.ኤ.አ. በ1880 ኒው ዲር በምትባል መንደር ተወለደ፤ ከአሥር ልጆች አንዱ ነበር። አባቱ ትንሽ ሱቅ የነበረው ልብስ ሰፊ ነው። ይህን ስታነብ ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ፎርብስ የአባቱን መቀስ አልወረሰም። በዳንዲ ከተማ ጋዜጠኛ ሆነ፣ ጆሃንስበርግ ሠራ፣ በ1904 ኒው ዮርክ ገባ። በ1917 በስሙ የሚጠራውን የንግድና የገንዘብ መጽሔት መሠረተ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ለሌሎች ጋዜጦች እየጻፈ በሚያገኘው ገንዘብ መጽሔቱን አቆየው። በ1954 ሲሞት ሥራውን ልጆቹ ያዙት። የ400ዎቹ አሜሪካውያን ባለጸጎች ዓመታዊ ዝርዝር የተጀመረውም በ1982፣ በልጁ በማልኮም ዘመን ነው። በ2014 ግን ቤተሰቡ አብላጫውን ድርሻ ሸጠ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሱቅ ወይም ቤት ካላወረስን ለልጆቻችን ምንም ያልተውንላቸው የሚመስለን ወላጆች ብዙ ነን። ያ ስኮትላንዳዊ አባት ልጁ መርፌና ክሩን ትቶ ሲሄድ ምን ተሰምቶት ይሆን? መጽሔቱስ ቢሆን በልጅ ልጆቹ ጊዜ ለሌላ ተላልፎ የለም? ንብረት እንዲህ ነው፤ ከእጅ ይወጣል።

በማግስቱ ልጄን ጠራሁት። «ሱቁን ተረከበኝ ብዬ አላስገድድህም። የአባትህን ሥራ ግን አትደብቅ፤ ያሳደገህ እሱ ነው» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ቅዳሜ ዕለት ሱቅ መጣ። የትምህርት ቤት ሱሪው ረዝሞበት ኖሮ ራሱ ሊቀመቅመው መኪናው ላይ ተቀመጠ። ስፌቱ ጠማማ ነው። ሰኞ ለብሶት ሄደ፤ እኔም አላስፈታሁትም።