በክረምት የጭነት ባቡር ለማየት ከሶዶ ወደ መተሐራ

የወላይታ ሶዶ ሰው የክረምትን መግባት የሚያውቀው በዳሞታ ተራራ ነው። ደመናው ወርዶ ጫፉን ከሸፈነው ገበያተኛው ገና ሳይዘንብ ጃንጥላውን ይዘረጋል። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግለው ነሐሴ ገብቶ ችሎቱ ለዕረፍት ሲዘጋ መዝገባችንን ቈልፈን ወደየቤታችን እንሄዳለን። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ግን እኔ የዕረፍቴን ቀናት ያሳለፍሁት ወዳጆቼ ሁሉ በሣቁበት ነገር ነው፤ ይኸውም የጭነት ባቡር ሲያልፍ ቆሜ በማየትና ፎቶግራፍ በማንሣት ነው።

ነገሩ የተነሣው ከአባቴ ነው። አባቴ በ1963 ዓ.ም. እንደ ብዙ የወላይታ ጐበዝ መሬት ቢጠብባቸው ወደ መተሐራ ወርደው በስኳር ፋብሪካው እርሻ አገዳ ቈራጭ ሆነው ነበር። በሕፃንነታችን ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው የሚነግሩን የቀበሮና የጅብ ተረት ሳይሆን ከጅቡቲ ስለሚመጣው የጭነት ባቡር ነበር። ሌሊት አገዳው ሲቃጠል በነበልባሉ ብርሃን ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ይቈጥሩ ነበርና፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ቍጥሩ ከአፋቸው አልጠፋም። ተሳፍረው ድሬዳዋን ለማየት ሦስት ጊዜ ገንዘብ ቋጥረው ሦስቱንም ጊዜ ወደ ቤት ልከውታል። ሦስተኛው ለእናቴ ጥሎሽ ስለ ሆነ፣ በዚህ ነገር እኔ ቅር የምሰኝበት ምክንያት የለኝም።

ዛሬ የቀኝ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቷል። ባለፈው ሰኔ ሐኪም አይቶ፣ የግራውም ብዙ እንደማይቈይና በመድኃኒት እንደማይመለስ በነገረን ማግሥት አባቴ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ያ ባቡር ዛሬም በፈንታሌ ሥር ያልፋልን? የሚያልፍ እንደ ሆነ ይህች ዓይኔ ሳትዘጋ ሥዕሉን አምጣልኝ» አሉኝ።

ያ ባቡር አያልፍም። ይህን ለመንገር አንደበቴ እንቢ ስላለኝ «እሺ አባባ» ብዬ ወጣሁ።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጥተውበት፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር በዚያ ወገን ሥራውን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በምትኩ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ ሐዲድ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ አንድ ሜትር ከ435 ሚሊሜትር ነው። የሚሄደውም በናፍጣ ሳይሆን በ25,000 ቮልት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው።

ከሶዶ ተነሥቼ በቦዲቲ፣ በሾኔና በሀላባ አልፌ ሻሸመኔ ደረስሁ፤ ከዚያም በዝዋይና በመቂ ሞጆ ገባሁ። ስለ መንገዱ የምጽፈው የለኝም፤ ዝናብና ጭቃ ነበር። በዚህ መንገድ አቅጣጫ ከሞጆ በሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሐዲድ በመንግሥት ዕቅድ ላይ መሥፈሩን የሚያስታውስ ሰው፣ በመስኮት ሲመለከት የሚያየው በሬና ገብስ ብቻ መሆኑ ትንሽ ያሳዝነዋል።

ሞጆ የደረቅ ወደብ ከተማ ነው። ከጅቡቲ በፉርጎ የመጣው ኮንቴይነር እዚያ ተራግፎ በከባድ መኪና ወደየአገሩ ይበተናል፤ የአገራችንም ቡና በዚያው መንገድ ወደ ባሕር ይወርዳል። እኔ በሐዲዱ አጠገብ ስልኬን አውጥቼ ስቆም አንድ ዘበኛ መጥቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል መሆኑን ነገረኝ። ሕግ እንዲከበር ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ስለ ሆንሁ አልተከራከርሁም። ነገር ግን ስለ አባቴ ዓይን ብነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ከጣቢያው ርቀው ከአውራው መንገድ ላይ ያንሡ፤ በተለይ መተሐራ ይሻልዎታል» አለኝ። ስለ መልካም ምክሩ አመስግኜው ሄድሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በእንግሊዝኛ መጽሐፋችን በበረዶ መካከል ተራራ የሚወጣ የባቡር ሥዕል ነበረ። ኢልግ በተወለደበት በስዊስ አገር፣ በ1874 ዓ.ም. በተከፈተው በጎትሃርድ ተራራ ሐዲድ ዳር፣ ዛሬም በብርድ ቆመው የጭነት ባቡር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች አሉ ይባላል። የእኛ ሐዲድ ደግሞ ከባሕር ዳር ተነሥቶ መተሐራ ላይ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ይደርሳል፤ አዳማ ላይ 1,600 ሜትር አልፎ፣ አዲስ አበባ ዳር ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በረዶ የለውም እንጂ ዳገትስ አላነሰውም።

መተሐራ ስደርስ ፋብሪካው እንደ ክረምት ልማዱ ለጥገና ቆሞ ነበር። በስተ ሰሜን የፈንታሌ ተራራ ጠቍሮ ይታያል። በዚያው ዓመት ምድሩ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ብዙ ሰው ከቀየው ተነሥቶ ስለ ነበር፣ ያደርሁበት ቤት ባለቤት ግድግዳው የተሰነጠቀበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። በተራራው ሥር የበሰቃ ሐይቅ ተኝቷል። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ ጨዋማ ውኃ ዛሬ ከ40 አልፏል። ሲሰፋም የአገዳ እርሻ ውጧል፤ አውራውን መንገድና አሮጌውን ሐዲድም ከፍ እያደረጉ መሥራት ግድ ሆኖ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ቆሜ አንድ ባቡር ብቻ አየሁ፤ እርሱም ሳላስበው ደርሶ አለፈኝ። በስልኬ የቀረው የሽቦ ምሰሶና የአንድ ፉርጎ ጅራት ነበር። የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ አሮጌው ከሩቅ አይጮኽም፤ አይጤስምም። በማግሥቱ ግመል ይጠብቅ ከነበረ አንድ ከረዩ ጋር ተቀመጥሁ። እርሱም በተሰባበረ አማርኛ፣ ግመሎቹ ጆሯቸውን ሲያቀኑ ባቡር ቀርቧል ማለት መሆኑን አስተማረኝ። በሐዲዱ ላይ ስለሚሞተው ከብትና ስለ ካሣውም ብዙ አወጋኝ። እኔም በልማዴ፣ ምስክርህ ማነው፣ ቀኑ መቼ ነው እያልሁ እጠይቀው ጀመር። ኋላ ግን ዕረፍት ላይ መሆኔን አስታውሼ ተውሁት።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ጥቂት ጋብ ሲል ግመሎቹ ጆሯቸውን አቀኑ። ባቡሩ ከአዋሽ ወገን መጣ፤ በጣሪያው ላይ እንደ ክርን የታጠፈው ብረት ሽቦውን እየዳሰሰ ኃይሉን ይቀበላል። ኮንቴይነር የጫኑ ፉርጎዎች በፈንታሌ ሥር ረዥም ሆነው ተዘረጉ፤ የረጠበው ብረት በደመናው መካከል በወጣው ፀሐይ አበራ። እኔ ዐሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁ። ከዚያም ስልኩን አውርጄ መቍጠር ጀመርሁ፤ አርባ ሁለት ፉርጎ ነበር። የመጨረሻው ወደ አዳማ ወገን ከተሰወረ በኋላ ከረዩው፣ «አባትህ ሥንት ይል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሃያ ሁለት» አልሁት።

ሶዶ ስመለስ በከተማው ካሉት ፎቶግራፍ ቤቶች በአንዱ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ለአባቴ ሰጠሁ። አባቴ ወደ በር ወጥተው ወረቀቱን ከግራ ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «ጢሱ የታለ?» አሉ። ያን ጊዜ የደበቅሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ አሮጌው እንደ ቆመ፣ ይህ ሌላ እንደ ሆነ። አልተቈጡም። ተራራውን በጣታቸው ተከትለው «ፈንታሌ ግን ራሱ ነው» አሉ። ቀጥሎም ጣታቸውን ውኃው ላይ አኑረው፣ «ጐጆአችን እዚህ ነበረች» አሉኝ።

ወረቀቱን አጥፈው በጋቢያቸው ውስጥ ካደረጉ በኋላ፣ ይህ አዲሱ ሰው ይጭናል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከለቡ ተነሥቶ እስከ ድሬዳዋ የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር መኖሩን ነገርኋቸው።

«ትኬቱ ሥንት ነው?» አሉ።