መጀመሪያ ሞተሩን ያያል

እኛ የከተማ ልጆች ስለ ሞተር ሳይክል ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው። እኔን ግን ሰሞኑን የያዘኝ መውደቁ ነው። ሞተር ይወድቃል፤ ሁለት ጎማ ነዋ! ጥያቄው፣ ሲወድቅ መሬቱን ቀድሞ የሚነካው ምኑ ነው የሚለው ነው።

ለአስፋልት ሞተሮች የሚገጠም አንድ ብልሃት አለ። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ቡጢ የምታክል ነገር በግራና በቀኝ በኩል ከሞተሩ ማሰሪያ ብሎን ጋር ትታሰራለች። ሞተሩ ሲወድቅ ፕላስቲኳ አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተች ታልቃለች፤ ውድ ውዱ ዕቃ ይተርፋል። ፕላስቲኳን መቀየር ነው፣ አበቃ።

እስቲ እሷን ገጥማችሁ እብናት ግቡ። የደቡብ ጎንደር የገጠር መንገድ በአብዛኛው ኮረትና ድንጋይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ። ፕላስቲኳ ድንጋይ ላይ መንሸራተቷን ትታ ትነክሳለች። ያኔ ምቱ በብሎኑ በኩል አልፎ ማሰሪያውን ሊሰነጥቀው ይችላል። እንዲህ ላለ መንገድ የሚበጀው ሞተሩን ከፊት አቅፎ የሚይዝ የብረት ቱቦ ነው።

ብዙ የወረዳ ባለሙያዎች ሲነዱት የኖሩት ያማሃ ኤጂ ይሄ ገብቶታል። ለእርሻ ሥራ ታስቦ ስለተሠራ የሞተር መከላከያ አለው፤ የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታዎቹም መከላከያ አላቸው። ማቆሚያው እንኳን በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ በተመቻችሁ ጎን ታቆሙታላችሁ። ቁንጅና የለውም። ማሳ ዳር ቁንጅናውን ማን ይጠይቀዋል?

እብናት ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ በመሥሪያ ቤት ሞተር እየዞረ የሚሠራ ዘመድ አለኝ። ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ነው፤ ጉልበቱን ቆይቶ ነው የሚያየው። ለምን ስለው፣ "ጉልበቴን ፈርሜ አልተረከብኩማ!" አለኝ። ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ እዚያ አገር እጀታ ተሰበረ ማለት ቀኑ ተሰበረ ማለት ነው። ሞተር እየገፉ ዳገት መውጣት አለ። ወዲያ ማዶ ደግሞ ከጠዋት ጀምረው ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

መከላከያ የሌለው ሞተር የያዘ ሰው በያጅ ጋ ቢሄድ አይፈረድበትም። ግን ልብ በሉ፦ ብረቱ ፍሬሙ ላይ በቀጥታ ከተበየደ ምቱን ይዞት ፍሬሙ ውስጥ ይገባል። ብየዳውም ራሱ ፍሬሙን ሊያደክመው ይችላል። በብሎን የሚታሰር ይሻላል። ቢጣመም ይፈታል፣ ይቃናል፣ ካልሆነም ይቀየራል። መጣመም ለመከላከያ ውድቀት አይደለም፤ ሥራው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይሄ ሁሉ ብረት የሚጠብቀው ሞተሩን ነው። ሞተሩ እግር ላይ በሙሉ ክብደቱ እንዳይተኛ ሊያግዝ ይችል ይሆናል፤ ጭንቅላትን ግን አያውቀውም። ስለዚህ ሞተር ስታስረክቡ መስታወቱን፣ መብራቱንና ጎማውን አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ የምታስፈርሙ አለቆች ሆይ፣ እባካችሁ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ሄልሜት። የተጣመመ ብረት ይቃናል፣ የተሰበረ እጀታም ተፈልጎ ይገኛል። የነጂ መለዋወጫ ግን ሶማሌ ተራም የለም።