ባዶ ነው ያልነው ብልቃጥ

ለመሆኑ 50 ማይክሮግራም ስንት ነው? ይህን ከዓመት በፊት ብትጠይቁን ሒሳቡን ሳንቸገር እንነግራችሁ ነበር፤ የግራም ሚሊዮንኛ እጅ፣ ሃምሳ ጊዜ። ይህንማ ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኛ ግን በሰው ላይ ክፉ ቃል ተናግረንበት፣ ኋላም አፍረንበት የተማርነው ሌላ ነው። ዛሬ የምናጫውታችሁ እሱን ነው።

እኛ ሦስት ነን። የመመረቂያ ጽሑፋችንን በአንድ ርዕስ ላይ በጋራ እንድንሠራ የተመደብን፣ በአንድ ጠረጴዛ የምንሠራ፣ በአንድ ትሪ የምንበላ። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ «ማን ምን እንዳደረገ ለይታችሁ ጻፉ» ያሉን ጓደኞች ነበሩ። አንለይም። ብልቃጡን የከፈተውም፣ ደብዳቤውን ያረቀቀውም፣ አንብቦ ዝም ብሎ የፈረመውም እኛ ነን።

ነገሩ የተነሣው ከጤፍ ነው። ጤፍ ብረት አለው፣ ደም ይሆናል ሲባል ሰምተን ነው ሁላችንም ያደግነው። ዳሩ ግን በጤፍ ላይ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ ከፍሬው ሳይሆን ከአውድማው አፈር የሚመጣ መሆኑ ከተነገረ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ የጤፍን ብረት ጉዳይ መርምሮት ነበር። በሬዎች እህሉን ሲያበራዩ አፈሩ ከፍሬው ጋር ይጣበቃል። የአፈር ብረት ደግሞ አፍ ስለገባ ብቻ ደም አይሆንም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትም ብረቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የኛ ጥያቄ «እንጀራው ውስጥ ስንት ብረት አለ?» አልነበረም፤ «ስንቱ አካል ውስጥ ገባ?» ነበር እንጂ። ይኸ ደግሞ እንጀራውን አቃጥሎ አመዱን በመመርመር አይመለስም፤ የበላውን አካል መጠየቅ ግድ ነው። የበሉት እንግዲህ ነጫጭ አይጦቻችን ናቸው።

አካልን እንዴት ይጠይቁታል? ትንሽ ታገሡን።

ብረት በደም ውስጥ ለብቻው አይዞርም። ትራንስፌሪን የሚባል ፕሮቲን ተሸክሞት ይሄዳል፤ አንዱ ትራንስፌሪን ሁለት የብረት አተም ይሸከማል። ብረት የፈለገ ሴል ደግሞ በደጁ ላይ ተቀባይ ያቆማል፤ ትራንስፌሪን ሪሴፕተር ይባላል። ተቀባዩ ተሸካሚውን ከነሸክሙ ይዞ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ወደ ሴሉ ይገባል። በከረጢቷ ውስጥ አሲዱ ይበረታል፣ ፒኤቹ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል፣ ብረቱም ይለቀቃል። ባዶ እጁን የቀረው ተሸካሚ ግን አይጣልም። ተቀባዩ እንደያዘው ወደ ደጅ ይመልሰዋል፤ የደሙ ፒኤች 7.4 ሲያገኘው ይለቀዋል፤ እሱም ሌላ ሸክም ፍለጋ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ብልሃቱ ይኸ ብቻ አይደለም። ብረት ሲያንስ ሴሉ ተቀባዮቹን ያበዛል። የተቀባዩን አሠራር የያዘው መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. በወትሮው ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ብረት ሲጠፋ ግን አንድ ጠባቂ ፕሮቲን ጫፉን ይይዝለትና ዕድሜው ይረዝማል። ከተቀባዩም ከሴሉ ውጭ ያለው ክፍል እየተቆረጠ በደም ውስጥ ይንሳፈፋል። አካሉ ብረት በራበው ቁጥር ይህ ቁራጭ በደም ውስጥ ይበዛል። ፌሪቲን የተባለው የተለመደው መለኪያ በሽታና ቁስለት ሲኖር ብረት ሳይኖርም ከፍ ብሎ ያታልላል፤ ይኸኛው እንደዚያ በቀላሉ አይታለልም። የተቀባዩን ክብደት ለማወቅ ደግሞ ይህን ብቻ አስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህን ተቀባይ ጨርሶ ያጡ የአይጥ ጽንሶች 12 ቀን ተኩል ሳይሞላቸው በማኅፀን ይሞታሉ።

እንግዲህ ከአይጦቹ ደም ቀድተን ቁራጩን መለካት ነው። ለመለካት ግን የሚዛን ድንጋይ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ቅቤ ስትገዙ ባንዱ ወገን የታወቀ ክብደት እንደሚቀመጠው ሁሉ፣ እኛም ልኩ የታወቀ ንጹሕ ተቀባይ ያስፈልገናል። እሱም የአይጥ መሆን አለበት፤ በሰው ተቀባይ ሚዛን የአይጥን ደም መመዘን አያስተማምንም። ይህ ንጹሕ ተቀባይ በፋብሪካ ይሠራል። የአይጡን ዘረ መል ወስደው በላብራቶሪ በሚያድግ ሴል ውስጥ ይከቱታል፣ ሴሉ ፕሮቲኑን ያመርታል፣ እነሱ አጣርተው በቅዝቃዜ ያደርቁታል። ሬኮምቢናንት የሚሉት ይህንን ነው። የኛው ከ89ኛው አሚኖ አሲድ እስከ መጨረሻው እስከ 763ኛው ድረስ ያለው የውጭው ክፍል ነበር፤ ለማጣሪያ እንዲመች የሂስቲዲን ጭራ ተቀጥሎለታል። በብልቃጡ ላይ 50 ማይክሮግራም ይላል።

ሰባት ወር ጠበቅነው። ፕሮፎርማ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ጉምሩክ፤ መቼም ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ መጣ ተባለና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሮጥን። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። በሞዴል 19 ተረክበውታል፤ በሞዴል 22 አስፈርመው ሰጡን። «ልጆች፣ ቀዝቃዛ ነገር ነው፣ ቶሎ በሉ» አሉን። የሰማናቸው እንኳ አይመስለንም።

ላብራቶሪ ገብተን ብልቃጡን ከፈትነው። ባዶ ነው። ወደ መብራቱ አነሣነው፣ ዘቀዘቅነው፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆጋ ቆጋ አደረግነው። ምንም የለም። ክዳኑን ገልብጠን አየነው፤ እሱም ላይ ምንም የለም።

ሰባት ወር የጠበቀ ሰው ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ። ተመልሰን ጋሼ ፊት ቆምንና «የሰጡን ባዶ ብልቃጥ ነው» አልናቸው። እሳቸውም «ማኅተሙ እኮ አልተነካም ነበር» አሉ። እኛም «ታዲያ ዕቃው የት ሄደ?» አልን። ያን ጊዜ የነበረው አነጋገራችን ጥያቄ አልነበረም። እዚያ ቆመው የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ጋሼን አዩአቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ዝም አሉ። እኛ በዚህ አላበቃንም፤ «የተረከብነው ብልቃጥ ባዶ ሆኖ ስለተገኘ በንብረት ክፍሉ ላይ ማጣራት ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ ጽፈን፣ ሦስታችንም ፈርመን፣ መዝገብ ቤት አስገባን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ በቁጥር የገባ ደብዳቤማ እንዴት ይሆን?

በማግስቱ ነገሩን ለአማካሪያችን አመለከትን። አማካሪያችን የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ከመክፈታችሁ በፊት በሴንትሪፉጅ አዙራችሁታል?»

አላዞርነውም።

«አንዲት የጤፍ ፍሬ ስንት ትመዝናለች?» አሉን ቀጥለው። ሺህ የጤፍ ፍሬ የግራም ሦስት ወይም አራት አሥረኛ ያህል ይመዝናል። አንዷ እንግዲህ 300 ማይክሮግራም ገደማ ልትሆን ነው። 50 ማይክሮግራም ማለት የአንዲት ጤፍ ስድስተኛ እጅ! ያውም በብልቃጡ ግድግዳና በክዳኑ ላይ እንደ ጉም ተለጥፎ። ስለ ጤፍ እናጠናለን ብለን ተነሥተን፣ የጤፍ ስድስተኛ እጅ በዓይን ይታይ አይታይ ሳንጠይቅ ሰው ሌባ አልን።

የተረፈውን ለማትረፍ ተጣደፍን። ብልቃጡንና ክዳኑን ገጥመን አዞርነው፣ መሟሟቻውን ጨመርን፣ በቀስታ አገላበጥነው። ፕሮቲኑ ነበረ። በፕሌቱ ላይ ቢጫው ቀለም ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ በየተራ እየሳሳ ሲወርድ አየነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸ ነው፤ ነገር ግን ያፈሰሰችውን ሁሉ መልቀሟን ማን ያውቃል?

ሁለተኛው ፈተናችን እዚህ ላይ መጣ። ስንዘቀዝቀውና ስንቆጋቆግ ስንት እንደጠፋ አናውቅም። ብልቃጡ 50 ይላል፤ በውስጡ ግን 40 ይሁን 25 አይታወቅም። የሚዛኑ ድንጋይ ተሸርፏል ማለት ነው። ሌሊት ዶርም ውስጥ ተከራከርን። «50 ብለን እንጻፈው፣ ማን ያያል?» ተባለ። እውነት ነው፣ ማንም አያይም። ግን ሰውዬውን የከሰስነው ያላየነው ነገር የለም ብለን አልነበረም እንዴ? አሁን ደግሞ ሰው ስላላየው ጥፋታችን የለም ልንል ነው?

በመጨረሻ ያደረግነው ይህን ነው። ሚዛኑ ለሁሉም አይጦች አንድ ነበር። 50 ያልነው በእውነቱ 25 ቢሆን፣ የሁሉም ቁጥር በእኩል እጥፍ ይዛባል እንጂ ያኛው ቡድን ከዚህኛው ስንት እጅ ይበልጣል የሚለው አይለወጥም። ስለዚህ በጽሑፋችን ውስጥ የናኖግራሙን ቁጥር ትተን ንጽጽሩን ብቻ አስገባን፤ ምክንያቱንም ሳንሸሽግ በአንድ አንቀጽ አሰፈርን። ብረት ያነሰው ምግብ የበሉት አይጦች መጻሕፍቱ እንደሚሉት ብዙ ተቀባይ በደማቸው ተገኘባቸው። ስለ ጤፉ አፍ ሞልቶ ለመናገር ግን አይጦቻችን ጥቂት ነበሩ፤ ይህንንም ጻፍን። ውጤታችን ከጠበቅነው ዝቅ አለ። የሚገባን ነበር።

የቀረው ጋሼ ነበሩ። ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘን ሄድን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። ቡናውን አልነኩትም፣ እኛንም አልተቆጡንም። ያወሩን ስለ ብልቃጡ ነበር። ዕቃው የገባው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ እንዳይሞቅ ፈርተው፣ ከቤታቸው ተመልሰው መጥተው፣ ጄኔሬተር ወዳለበት ክፍል በበረዶ አድርገው ወስደውት ነበር። ይህን አንድም ሰው አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም።

«እኔም ስረከበው ባዶ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ግን ማኅተሙ ደህና ነው፣ ወረቀቱም 50 ይላል። ያላየሁት የኔ ዓይን ስለደከመ ይሆናል ብዬ ፈረምኩ።»

ልንወጣ ስንነሣ፣ «ደብዳቤውስ?» ብለው ጠየቁን።

መዝገብ ቤት ሄደን ደብዳቤውን እንዲመልሱልን ለመንን። የገባ ደብዳቤ አይወጣም አሉን፤ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ በጋሼ ፋይል ውስጥ ተያይዟል። ማድረግ የሚቻለው ሌላ ደብዳቤ ጽፎ ከሥሩ ማያያዝ ብቻ ነው። እኛም ጻፍነው፤ ብልቃጡ ባዶ አልነበረም፣ አያያዙን ያላወቅነው እኛ ነን፣ ንብረት ክፍሉ በሚገባ ጠብቆ አስረክቦናል የሚል። ሦስታችንም ፈረምን፤ ግልባጭ ለጋሼ።

በፋይሉ ውስጥ አሁን ሁለቱም አሉ። ከላይ ያለው የመጀመሪያው እንዳይሆን የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ለምነን ሁለተኛውን ከፊት አስደርገናል። ከእንግዲህ ፋይሉን የሚገልጥ ሰው ሁለቱንም እንዲያነብ ከመመኘት ሌላ የምንችለው ነገር የለም።