ዕዳ ከሜዳ

እኛ ተማሪዎች ውርስ ሲባል ቶሎ የሚታየን ቤትና መሬት ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የእንግሊዝ አገር ሕግ ባነበብን ጊዜ ግን፣ ሟች ዕዳውንም ጭምር ትቶ እንደሚሄድ ተረዳን።

በ1529 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የኑዛዜው አስፈጻሚ የሟቹን ተንቀሳቃሽ ንብረት አስገምቶ፣ ዝርዝሩን ለቤተ ክህነቱ ፍርድ ቤት ማቅረብ ነበረበት። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ እንደ ሆነ አከፋፈሉ በተራ ነው፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የዘውዱ ዕዳ፣ ቀጥሎ የተፈረደበት ዕዳ፣ ቀጥሎም ማኅተም ያረፈበት ሰነድ። በቃል ብቻ አምኖ በዱቤ የሸጠው ነጋዴ መጨረሻ ይቆማል። እያወቀ ተራውን ያዛባ አስፈጻሚ ከገዛ ኪሱ ይከፍላል። የማንኛውም ሟች መሬት ለዱቤ ዕዳም ጭምር እንዲውል የተደነገገው ገና በ1833 ነበር።

ባለቅኔው ሰር ፊሊፕ ሲድኒ በ1586 በጦር ሜዳ ቈስሎ ሲሞት ብዙ ዕዳ ነበረበት፤ ሸክሙም በአማቱ በሰር ፍራንሲስ ዋልሲንግሃም ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሬሳው ግን በ1587 በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በታላቅ ክብር ተቀበረ። የቀብር ወጪ ይቀድማል ማለት ይህ አይደለምን?

ይህን ስናነብ የግቢያችን በር ባለሱቅ ትዝ አለን። ዳቦና ስኳር በዱቤ ሲሰጠን የሚይዘው ቃላችንን ብቻ ነው። በዚያ ሕግ ቢሆን ኖሮ ከሰልፉ ጫፍ የሚቆመው እርሱ ነበር። ትናንት ማታ አዋጥተን ከፈልነው።