«ያው ነው»

የድሮ ፊያት ያለው ሰው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፍለጋ ሲወጣ ደጋግሞ የሚሰማት ቃል «ያው ነው» ናት። የፊያት 124 ዕቃ ትጠይቃላችሁ፤ ሻጩ የላዳ ያወጣላችኋል። «ያው ነው ወንድሜ፣ ላዳ ማለት ፊያት አይደል እንዴ?»

ግማሹ እውነት ነው። ፊያት 124 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋዋለችና ቶሊያቲ ላይ ፋብሪካ ተተከለ። በ1970 ከዚያ መውጣት የጀመረችው መኪና፣ እኛ በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት የምናውቃት ላዳ፣ መሠረቷ 124 ነው። ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ይሄንን «ፎርክ» እንለዋለን። የሰው ኮድ ገልብጣችሁ ትወስዳላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ለየብቻ ያድጋሉ። የፋይሉ ስም አንድ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከአንዱ ቆርጣችሁ ሌላው ላይ ስትለጥፉ ግን ይሠራል ብላችሁ አትማሉ።

ሩሲያውያኑ ለራሳቸው መንገድና ክረምት ሲሉ ቆርቆሮውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት። ሞተሩንም ቀየሩት፤ የፊያቱ ካምሻፍት ታች ብሎኩ ውስጥ ነው፣ የላዳው ላይ ቴስታታው ላይ። ፍሬኑም ተለወጠ። ፊያቱ በአራቱም ጎማ ዲስክ ሲሆን ላዳ ከኋላ ታምቡር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ፦ አሮጌውን ዕቃ አስፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቆጣሪው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ለኩ። ስሙን አትመኑ።

ይሄን ሁሉ የማወራው በአባቴ መኪና ምክንያት ነው። 124 ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አባቴ ጅማ ያለች እህቱን ራሱ ነድቶ ሄዶ መጠየቅ ይፈልጋል፤ እናቴ ደግሞ «ሽጣት፣ ከጊቤ ቁልቁለት በፊት ሽጣት» ትላለች። የእናቴ ፍርሃት ከመሬት የተነሳ አልነበረም። መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ ቀኝ ትስብ ጀምራ ነበር፤ ትንሽ ተነድታ ስትቆምም የፊት ቀኙ ጎማ እጅ አያስጠጋም።

አንድ ጋራዥ ወሰድናት። «የላዳ ፍሬን ሙሉውን ከፊትም ከኋላም እንግጠምላችሁ፣ ያው ነው» አሉን። አባቴ መልስ ሳይሰጥ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ።

ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን። እሳቸው ካንዴላ ሲሉ፣ ፍሪሲዮን ሲሉ፣ ካቻቢቴ ሲሉ አንድም ጊዜ ጣልያንኛ የተናገሩ አይመስላቸውም። እኔም የቱሪኑን ፋብሪካ የዕቃ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ስከፍተው ቋንቋውን ሳልማር ግማሹን አነበብኩት፤ ሊብሬና ቦሎ እያልን አድገን የለ! (የመኪና ጣልያንኛ ለብቻው ቢጻፍ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።)

ጋሼ ጎማውን አስነስተው አንዷን ፍሬን አስረገጡኝና አስለቀቁኝ። ጎማው አልዞር አለ። ከዚያ ፍሬኑ ጋ ያለችውን የዘይት ማስተንፈሻ ብሎን ላላ ሲያደርጉ ዘይቱ ተስፈንጥሮ ወጣና ጎማው ተለቀቀ። «ላስቲኩ ነው» አሉ።

የድሮ መኪና ያላችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። የፍሬን ዘይት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ላስቲክ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። እግራችሁ በኃይል ሲረግጥ ዘይቱ በጠባቡ ያልፋል፤ ስትለቁ ግን የሚመልሰው ኃይል ደካማ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። ሸራው ዲስኩን እንደነከሰ ይሄዳል፣ ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይሄ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሲሆን አስቡት። ስለዚህ ላስቲኮቹን አንድ ላይ ቀይሩ፣ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ። የሞተር ዘይት በጭራሽ እንዳይጨመርበት፤ ጎሚኒዎቹን ያበላሻቸዋል።

ሙቀትን ካነሳን፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ በ100 አይደለም። ያረጀ የራዲያተር ክዳን ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ቶሎ የሚያፈላው ለዚህ ነው። የ124 ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ ከጋለ ይጣመማል። ክዳን ርካሽ ነው፣ ቀይሩት። ካንዴላው እየጠቆረ ካስቸገራችሁም ካርቡሬተሩን ለከፍታው አሳስቡት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል።

አራቱንም ላስቲክ ቀየርን፤ ልኩን አግኝተን ነው። እናቴ እስከ መጨረሻው አልተስማማችም፤ እኔም አብሬ ካልሄድኩ አይሆንም አለች።

ከወልቂጤ አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር አባቴ ሳልነግረው ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረደ። ከኋላ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ ጠበቀ። «ይንፋ» አለ አባቴ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዳር አስቆምኩትና ወርጄ እጄን መጀመሪያ ወደ ቀኙ ጎማ፣ ቀጥሎ ወደ ግራው አስጠጋሁ።

«እህስ?» አለኝ በመስኮት።

«እኩል ናቸው አባዬ።»

«ለእናትህ ደውልላት።»